ሞተር ሳይክልን ለረጅም የየብስ ጉዞ ማዘጋጀት፦ ከስድስት ሳምንት በፊት የሚጀምር ዝርዝር መመሪያ

ለረጅም ጉዞ ተዘጋጅቷል የተባለ ሞተር ሳይክል በመጀመሪያዎቹ ቀናት መንገድ ላይ ሲቀር፣ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የዕቃ እጥረት አይደለም። ባለቤቱ ሣጥኖቹን፣ ተጨማሪ መብራቱንና የስልክ መያዣውን አስቀድሞ ይገዛል፤ ካቴናውን፣ ኩሽኔታውንና ጎማውን ግን ለመጨረሻው ሳምንት ያቆያል፤ በዚያ ሳምንት በጥድፊያ የተፈታ ቡሎን በጥድፊያ ይታሰርና ሳይሞከር ለጉዞ ይወጣል። ይህ መመሪያ ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል፦ መጀመሪያ የሚያልቁና የሚላሉ ክፍሎች፣ ቀጥሎ ጭነት፣ ከዚያ በጭነት የሚደረግ ሙከራ። ከመነሻው ቀን በፊት ባሉት ሰባት ቀናት ውስጥ በሞተር ሳይክሉ ላይ ምንም አዲስ ክፍል አይገጠምም።

ከዚህ በታች የሚሰጡት ቁጥሮች ለአብዛኞቹ ሞተር ሳይክሎች መነሻ የሚሆኑ ናቸው። የአምራቹ መመሪያ መጽሐፍ ሌላ ቁጥር ከሰጠ በእርሱ ይሥሩ።

ደረጃ 1፦ ማጠብ፣ መመርመርና መመዝገብ (ከመነሻው 6 ሳምንት በፊት)

ሞተር ሳይክሉን በሳሙናና ለብ ባለ ውሃ ይጠቡ። በከፍተኛ ግፊት የሚረጭ ውሃ ወደ ጎማ ኩሽኔታዎች፣ ወደ መሪው አንገትና ወደ ኤሌክትሪክ ማገናኛዎች በቀጥታ አይልቀቁ፤ ግራሶውን አጥቦ ውሃ ያስገባል፤ ጉዳቱም የሚታየው ከሳምንታት በኋላ መንገድ ላይ ነው። ከታጠበ በኋላ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይንዱትና እንደገና ይመልከቱት። አዲስ የዘይት እርጥበት የታየበት ቦታ ሁሉ የሚመዘገብ ነው።

ከዚያ ወረቀት ይዘው ከፊት ጎማ እስከ ኋላ መብራት ድረስ እያንዳንዱን ክፍል በሦስት ይመድቡ፦ አሁን የሚቀየር፣ በጉዞው መካከል የሚያልቅ፣ ጉዞውን የሚጨርስ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ክፍሉን የሚመዝነው ዛሬ ባለበት ሁኔታ ስለሆነ «ገና ጥሩ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ትክክለኛው ጥያቄ ግን ስንት ኪሎ ሜትር ቀርቶታል የሚለው ነው። የኋላ ጎማዎ 4,000 ኪሎ ሜትር የሚቀረው ከሆነና ጉዞው 9,000 ኪሎ ሜትር ከሆነ፣ ያ ጎማ መልኩ ምንም ያህል ቢያምር ከሚቀየሩት ወገን ነው። ስድስት ሳምንት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው፤ መለዋወጫ ታዝዞ እስኪመጣ ሁለትና ሦስት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል፤ የተሳሳተ ክፍል ቢመጣ ደግሞ ለመመለስ ጊዜ ያስፈልጋል።

ደረጃ 2፦ ሞተሩ፣ ዘይቱና የአየር ፊልትሮው

1. ሞተሩን አምስት ደቂቃ ያህል አስነሥተው ያሙቁት፤ ለብ ያለ ዘይት ቆሻሻውን ይዞ ይወርዳል። በጣም ከጋለ ግን እጅዎን ያቃጥላል።

2. የዘይት መውረጃውን ቡሎን ፈትተው ዘይቱን በሙሉ ያውርዱ፤ ቡሎኑ ማግኔት ካለው ይመልከቱት። እንደ ሊጥ የሆነ ስስ ግራጫ ብናኝ የተለመደ ነው። በጥፍር የሚያዝ የብረት ቅንጣት ካገኙ ግን ጉዞውን ትተው ምንጩን ይፈልጉ።

3. የዘይት ፊልትሮውን ይቀይሩ። የአዲሱን ፊልትሮ የጎማ ቀለበት በንጹሕ ዘይት ይቀቡት። የቆርቆሮ ፊልትሮ ከሆነ በእጅ ብቻ ያጥብቁት።

4. የመውረጃው ቡሎን ራንዴላ አዲስ ይሁን። ቡሎኑን በኃይል መለኪያ ቁልፍ በተወሰነለት ልክ ይሰሩት። ጥርሱ ተበልቶ የሚሽከረከር ከሆነ በማስቲሽ ወይም በናስትሮ ለማታለል አይሞክሩ፤ ወደ ጋራዥ ወስደው ጥርሱን አሁኑኑ ያስጠግኑ።

5. አዲሱን ዘይት ይሙሉ፣ ሞተሩን አንድ ደቂቃ ያስነሡና ያጥፉ፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይጠብቁና ሞተር ሳይክሉን ቀጥ አድርገው ልኩን ያንብቡ። በጎን መቆሚያው ላይ ዘንበል ብሎ የተነበበ ልክ ሐሰተኛ ነው።

ፍሪሲዮኑ በሞተሩ ዘይት ውስጥ የሚሠራ ከሆነ (አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው) በዘይቱ ዕቃ ላይ «ጃሶ ኤምኤ» ወይም «ጃሶ ኤምኤ2» የሚል ደረጃ መኖሩን ያረጋግጡ። ለመኪና የተሠሩ አንዳንድ ዘይቶች ሰበቃን የሚቀንስ ቅመም ስላለባቸው ፍሪሲዮኑን ያንሸራትቱታል፤ ምልክቱም ዳገት ላይ ነዳጅ ሲሰጡት የሞተሩ ድምፅ እየጨመረ ፍጥነቱ አለመጨመሩ ነው።

የቫልቭ ክፍተት የሚለካው ሞተሩ ፈጽሞ ሲቀዘቅዝ፣ ሌሊቱን ካደረ በኋላ ነው። ሥራውን ካልለመዱት ለመካኒክ ይስጡት፤ ነገር ግን «ድምፅ የለውም» ተብሎ እንዲታለፍ አይፍቀዱ። የሚንኳኳ ቫልቭ ቢያንስ ራሱን ያስታውቃል፤ ክፍተቱ የጠበበ ቫልቭ ግን ጸጥ ብሎ ይቃጠላል። ካንዴላውን በዚሁ አጋጣሚ ይቀይሩ፤ አሮጌው ደህና ከሆነ በመለዋወጫ ከረጢት ውስጥ ይቀመጥ።

የአየር ፊልትሮው ከስፖንጅ የተሠራ ከሆነ በነጭ ጋዝ፣ ቀጥሎም በሳሙና ውሃ ያጥቡት፤ ሲያጥቡ ይጭመቁት እንጂ አይጠምዝዙት። ከደረቀ በኋላ የፊልትሮ ዘይት በእኩል አጠጥተው ትርፉን ይጭመቁ። የወረቀት ፊልትሮ ይቀየራል። በሁለቱም ጊዜ ፊልትሮው በቤቱ ላይ የሚቀመጥበትን ጠርዝ ስስ ግራሶ ይቀቡት፤ አቧራ ወደ ሞተር የሚገባው በፊልትሮው ውስጥ አልፎ ሳይሆን በጎኑ ሾልኮ ነው። አቧራማ መንገድ በየዕለቱ የሚገጥምዎ ከሆነ ዘይት ጠጥቶ የተዘጋጀ ሁለተኛ የስፖንጅ ፊልትሮ በፕላስቲክ ከረጢት ይያዙ።

በውሃ የሚቀዘቅዝ ሞተር ከሆነ የራዲያተሩ ፈሳሽ ሁለት ሦስት ዓመት ካለፈው ይቀየር። የራዲያተሩን ክዳን ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ በፍጹም አይክፈቱ።

ደረጃ 3፦ ካቴናና ጥርሶቹ

በካቴና ለሚነዳ ሞተር ሳይክል ከዚህ የበለጠ ትኩረት የሚሻ ክፍል የለም ብዬ አምናለሁ፤ የተበጠሰ ካቴና የሞተሩን ቤት ሰብሮ ሊወጣ ወይም የኋላውን ጎማ ሊቆልፍ ይችላል።

መጀመሪያ ዕድሜውን ይወቁ። በኋላው ጥርስ ጀርባ፣ ካቴናው ክቡን በሙሉ አቅፎ በሚዞርበት መካከለኛ ቦታ ላይ፣ አንዱን ዘለላ ይዘው ወደ ኋላ ይጎትቱት። የጥርሱ ግማሽና ከዚያ በላይ ከታየ ካቴናው አልቋል። የጥርሶቹ ጫፍ እንደ ማጭድ ወደ አንድ ወገን ከጎበጠ ወይም ካቴናው በእጅ ሲታጠፍ የማይዘረጋ ዘለላ ካለበትም እንዲሁ ነው። ሲቀይሩ ካቴናውን፣ የፊቱን ጥርስና የኋላውን ጥርስ አንድ ላይ ይቀይሩ፤ በአሮጌ ጥርስ ላይ የተገጠመ አዲስ ካቴና በአጭር ጊዜ ውስጥ የአሮጌውን ቅርጽ ይይዛል።

ማስተካከሉን በዚህ ቅደም ተከተል ያከናውኑ።

1. ሞተሩን ያጥፉ፣ ማርሹን ነጻ ያድርጉ። ካቴናውን በነጭ ጋዝና በለስላሳ ብሩሽ ያጽዱና በጨርቅ ያድርቁ። ቤንዚን አይጠቀሙ፤ በዘለላዎቹ መካከል ያሉትን ግራሶ የሚይዙ ትናንሽ የጎማ ቀለበቶች ይበላል። ሞተሩ እየሠራ ጎማው ሲዞር ካቴና ማጽዳት ብዙ ሰው ጣቱን ያጣበት ስሕተት ነው።

2. ጎማውን እያዞሩ በአምስት ስድስት ቦታ የላላበትን መጠን ይለኩ፤ ካቴና በእኩል አይሳብም። ማስተካከያው የሚደረገው በጣም በተወጠረበት ቦታ ላይ ነው።

3. የጎማውን ዘንግ ዳዶ ያላሉ፤ ሁለቱን የማስተካከያ ቡሎኖች በእኩል፣ በሩብ ዙር በሩብ ዙር ያዙሩ። በታችኛው ወገን መካከል ላይ ካቴናው ወደ ላይና ወደ ታች የሚንቀሳቀስበት ልክ ለአስፋልት ሞተር ሳይክሎች በአብዛኛው ከ25 እስከ 35 ሚሊ ሜትር፣ ረጅም ሞላ ላላቸው ደግሞ ከ35 እስከ 45 ሚሊ ሜትር ይሆናል።

4. በኋላው ክንድ (የኋላውን ጎማ ይዞ ከፍ ዝቅ በሚለው ብረት) ላይ የተቀረጹትን ምልክቶች ብቻ አይመኑ። ክንዱ ከሚታጠፍበት ዘንግ መካከል እስከ ጎማው ዘንግ መካከል ያለውን ርቀት በሁለቱም ወገን በሜትር ይለኩ፤ እኩል መሆን አለበት።

5. ዳዶውን በልኩ አጥብቀው እንደገና ይለኩ፤ ሲጠብቅ ልኩ ይለወጣልና። የመቆለፊያ ሽቦ ያለው ከሆነ አዲስ ያስገቡ።

6. ሙሉ ጭነት ጭነው፣ እርስዎም ተቀምጠውበት፣ ሌላ ሰው እንዲለካ ያድርጉ። ጭነት የኋላውን ክንድ ሲጫነው ካቴናው ይወጠራል፤ በዚያን ጊዜ ምንም ልልነት ካልቀረ ባዶውን ሲለኩት ትክክል የነበረው ለጉዞው ጥብቅ ነው። ከሁለቱ ስሕተቶች ማጥበቁ ይከፋል፤ የማርሽ ሣጥኑን መውጫ ኩሽኔታ የሚሰብረው እርሱ ነው።

ካቴናው በመቆለፊያ ክሊፕ የሚገናኝ ከሆነ የክሊፑ ዝግ ጫፍ ካቴናው ወደሚሄድበት አቅጣጫ፣ ክፍቱ ጫፍ ወደ ኋላ ይሁን። እኔ ይህንን የተማርኩት በመነሻዬ ዋዜማ ማታ በእጅ ባትሪ ብርሃን ካቴና ቀይሬ ክሊፑን ገልብጬ በመግጠሜ ነው፤ 90 ኪሎ ሜትር ሳልሄድ ክሊፑ ጠፋ፤ ካቴናው ከመውለቁ በፊት ድምፁን መስማቴ እንደ ዕድል የሚቆጠር ነው።

የማስተካከያው ቡሎን ዝጎ አልዞር ካለ በኃይል አይጠምዝዙት፤ ይቆረጣል። ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ነፍተው ሌሊቱን ያሳድሩት፤ ጠዋት በመጀመሪያ ጥቂት ወደ ማጥበቅ፣ ከዚያ ወደ መፍታት እያመላለሱ ያንቀሳቅሱት።

የካቴና ቅባት የሚቀባው ከጉዞ በኋላ፣ ካቴናው ለብ ባለበት ጊዜ፣ በውስጠኛው ወገን ነው፤ አድሮ ሲደርቅ ይይዛል። በደረቅ መንገድ በየ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትሩ፣ ከዝናብ በኋላ ደግሞ በዚያው ምሽት ይቀቡት።

ደረጃ 4፦ ፍሬን፣ ኩሽኔታና መሪ

የፍሬን ሸራ ሦስት ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች ከቀረው ለረጅም ጉዞ ይቀየር፤ አምራቾች የሚፈቅዱት የመጨረሻ ልክ ከዚህ ያነሰ ቢሆንም፣ ያ ልክ የሚደርሰው እርስዎ ከጋራዥ በራቁበት ቦታ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይመጥጣል፤ እርጥበት የያዘ ዘይት በረጅም ቁልቁለት ሲግል ይፈላና እጀታው እስከ መጨረሻው ይገባል። ስለዚህ ሁለት ዓመት ያለፈውን ይቀይሩ፤ በክዳኑ ላይ የተጻፈውን ዓይነት ይጠቀሙ። «ዶት 5» የሚባለው ከሲሊኮን የተሠራ ስለሆነ ከ«ዶት 3» ወይም ከ«ዶት 4» ጋር አይቀላቀልም። ቀለም ላይ የፈሰሰ የፍሬን ዘይት ቀለሙን ያነሣዋልና ወዲያውኑ በብዙ ውሃ ይጠቡት።

ዘይቱን ከቀየሩ በኋላ እጀታው እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰ ውስጡ አየር ቀርቷል። እንደገና አየሩን ያስወጡ፤ ካልተስተካከለ እጀታውን ከመሪው ጋር ጠበቅ አድርገው አስረው ያሳድሩትና ጠዋት እንደገና ያስወጡት። ከዚህም በኋላ ከለሰለሰ ቱቦውን ይጠራጠሩ፤ ያረጀ የጎማ ቱቦ በግፊት ይነፋል።

ለኩሽኔታዎቹ እያንዳንዱን ጎማ ከመሬት አንሥተው በሁለቱም ጎኑ ይዘው ያወዛውዙት። ትንሽ «ቀጭ» የሚል ስሜት ከተሰማ ኩሽኔታው ይቀየራል። ቀጥሎ የፊት ጎማው እንደተነሣ መሪውን ከዳር እስከ ዳር በጣቶችዎ በቀስታ ያዙሩት፤ መካከል ላይ የሚይዝ ጎድጓዳ ስሜት ካለ የመሪው ኩሽኔታ ተበልቷል፤ ማጥበቅም ሆነ ማላላት አያድነውም። የኋላውን ክንድ ወደ ጎን ገፍተው መወዛወዙን ይመርምሩ።

የፍሪሲዮንና የነዳጅ መስጫ ኬብሎች ጫፍ ላይ አንዲት ሽቦ እንኳ የተበጠሰች ከሆነ ኬብሉ ይቀየር። አዲሱን ሲገጥሙ አሮጌውን (ደህና ከሆነ) በዚያው መስመር ጎን ለጎን ዘርግተው ጫፎቹን በናስትሮ ይዝጉ፤ መንገድ ላይ ቢበጠስ ጫፎቹን ማገናኘት ብቻ ይቀርዎታል።

ደረጃ 5፦ ጎማ

በጎማው ጎን ላይ «ዶት» ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉት አራት ቁጥሮች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ያሳያሉ፤ «1823» ማለት በ2023 እ.ኤ.አ. 18ኛው ሳምንት ማለት ነው። መሸጫ ቤት ውስጥ ለዓመታት የቆየ ጎማ አዲስ መስሎ ሊሸጥልዎ ስለሚችል ሳያነቡ አይግዙ። የጎማውን ዓይነት የሚወስነው ከጉዞዎ አብዛኛውን ርቀት የሚሸፍነው መንገድ ነው፤ ለ200 ኪሎ ሜትር አሸዋ ብሎ ለ8,000 ኪሎ ሜትር አስፋልት ጥርሳም የጭቃ ጎማ መግጠም በፍጥነት የሚያልቅና በእርጥብ አስፋልት የሚያንሸራትት ጎማ መግዛት ነው።

አዲሱ ጎማ ቢያንስ ከመነሻው ሁለት ሳምንት በፊት ይገጠም። በመጀመሪያዎቹ 150 ኪሎ ሜትሮች ያህል በጥንቃቄ፣ ብዙ ሳያጋድሉ ይንዱት፤ አዲስ ጎማ ያንሸራትታል። ነፋስ የሚለካው ጎማው ቀዝቅዞ ሳለ ሲሆን፣ ልኩም በመመሪያው ለሙሉ ጭነት የተሰጠው ነው።

*የልምምድ ቅየራ*

ጎማን ለመጀመሪያ ጊዜ በመንገድ ዳር ለመፍታት መሞከር የዚህ መመሪያ አንባቢዎች ከሚወድቁባቸው ፈተናዎች ዋነኛው ሳይሆን አይቀርም። ስለዚህ በግቢዎ፣ ይዘዋቸው በሚሄዷቸው መሣሪያዎችና መንፊያ ብቻ፣ የኋላውን ጎማ ሁለት ጊዜ ይፍቱና ይግጠሙ። ከመነዳሪ ላለው ጎማ አሠራሩ እንደሚከተለው ነው።

1. ጎማውን ከሞተር ሳይክሉ ያውጡ፤ የዘንጉን፣ የቀለበቶቹንና የዳዶውን ቅደም ተከተል ፎቶ ያንሡ።

2. የነፋስ መውጫውን እንብርት ፈትተው ነፋሱን በሙሉ ያስወጡ፤ ቫልቩን የያዘውን ዳዶም ያውጡ።

3. የጎማውን ጠርዝ ዙሪያውን በሁለቱም ወገን ከቸርኬው ያላቅቁ። በእግር ካልተላቀቀ የሌላ ሞተር ሳይክል የጎን መቆሚያ ጎማው ላይ አሳርፈው ይጫኑት።

4. ሌቫ ከሚያስገቡበት ቦታ ትይዩ ያለውን ጠርዝ በጉልበትዎ ተጭነው ወደ ቸርኬው መካከለኛ ጉድጓድ ያስገቡት። ሥራው የሚቀለው ወይም የማይቻል የሚሆነው በዚህች አንድ ነገር ነው፤ ጠርዙ ጉድጓዱ ውስጥ ካልገባ በጉልበት ብዛት የሚወጣ ጎማ የለም።

5. በሁለት ወይም በሦስት ሌቫ በአንድ ጊዜ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ እያነሡ አንዱን ወገን ያውጡ፤ ከመነዳሪውን ይሳቡ።

6. ከመነዳሪውን ነፍተው ቀዳዳውን ያግኙ፤ ከዚያ የጎማውን ውስጥ በጨርቅ በተጠቀለለ እጅ ዙሪያውን ይዳስሱ። ምስማሩን ሳያወጡ የተለጠፈ ከመነዳሪ በመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ይተነፍሳል።

7. ቀዳዳውን ዙሪያ በብርጭቆ ወረቀት ያሻክሩ፣ ማስቲሽ በስሱ ይቀቡ፣ ሲነኩት እጅ የማይዝ እስኪሆን ይጠብቁ፣ ከዚያ ልጥፉን በኃይል ይጫኑ። ልጥፉ ከተነሣ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ማስቲሹ ሳይደርቅ መለጠፉ ነው።

8. ከመነዳሪውን ቅርጹን እስኪይዝ ብቻ ጥቂት ነፍተው ያስገቡት። ጠርዙን ከቫልቩ ትይዩ መመለስ ይጀምሩና ቫልቩ አጠገብ ይጨርሱ፤ ከመጨረሻዋ ሌቫ በፊት ቫልቩን ወደ ውስጥ ገፋ አድርገው ከመነዳሪው በጠርዙ ሥር አለመያዙን ያረጋግጡ።

9. ነፍተው በጎማው ጎን ላይ ያለው ስስ መስመር ከቸርኬው እኩል ርቀት ላይ ዙሪያውን መታየቱን ይመልከቱ። በአንድ ቦታ ከጠለቀ ያስተንፍሱት፣ ጠርዙን የሳሙና ውሃ ይቀቡት፣ እንደገና ይንፉት። በጎማው ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ ግፊት አይለፉ።

የተጠገነው ከመነዳሪ ወዲያው ከተነፈሰና በላዩ አዲስ መሰንጠቅ ካለ የቀደደው የእርስዎ ሌቫ ነው። ከመነዳሪ ለሌለው ጎማ ከውጭ የሚሰካው መጠገኛ ፈጣን ነው፤ ይሁን እንጂ እስከሚቀጥለው ጎሚስታ የሚያደርስ እንጂ ጉዞ የሚያስጨርስ አይደለም።

ደረጃ 6፦ ኤሌክትሪክ

ባትሪውን በቴስተር ይለኩ። ሞተር ሳይክሉ ሌሊቱን ቆሞ ካደረ በኋላ 12.6 ቮልትና ከዚያ በላይ፣ ሞተሩ በመካከለኛ ዙር ሲሠራ ደግሞ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት አካባቢ ማንበብ አለበት። ሲሠራ ከዚህ በታች ካነበበ ባትሪ ከመግዛትዎ በፊት የቻርጅ ሥርዓቱን ያስመርምሩ፤ አለዚያ አዲሱ ባትሪም እንደ አሮጌው ይሞታል።

ተጨማሪ መብራትና የስልክ ቻርጀር የራሳቸው ፊውዝ ይኑራቸው፤ ቁልፉ ሲጠፋ አብረው የሚጠፉ ይሁኑ። የሚበጠስን ፊውዝ በትልቅ ፊውዝ መተካት ስሕተቱን ከፊውዙ ወደ ሽቦው ማዛወር ነው፤ የሚቃጠለውም ሽቦው ይሆናል። ሽቦዎቹን ካሰሩ በኋላ መሪውን ሁለቱም ጫፍ ድረስ ያዙሩ፤ የሚወጠር ወይም የሚቆነጠጥ ሽቦ ካለ ፈትተው መስመሩን ይቀይሩ።

ደረጃ 7፦ ጭነት

የመመሪያው መጽሐፍ ከፍተኛውን የጭነት መጠን ይነግርዎታል፤ በዚያ ውስጥ እርስዎም፣ ልብስዎም፣ ሣጥኖቹና መያዣ ብረቶቻቸውም ይቆጠራሉ። ለምሳሌ ልኩ 190 ኪሎ ግራም ከሆነ፣ እርስዎ ከነቦትዎና ከነራስ ቁርዎ 92፣ ሣጥንና መያዣው 18፣ ሌሎች ተጨማሪዎች 6 ከመዘኑ ለዕቃ የሚቀረው 74 ኪሎ ግራም ብቻ ነው፤ ውሃና ተጨማሪ ነዳጅም ከዚያው ይቀነሳል። ሣጥኖቹም የየራሳቸው ልክ አላቸው፤ የብዙዎቹ የጎን ሣጥኖች ልክ 10 ኪሎ ግራም አካባቢ ነው። በግምት አይሥሩ፤ ይመዝኑ።

ከባዱን ዕቃ ከታችና ከሁለቱ ጎማዎች ዘንግ መካከል፣ ቀላሉንና ሰፊውን ከላይ ያድርጉ። የግራና የቀኝ ክብደት ከአንድ ሁለት ኪሎ በላይ አይለያይ። የኋላው የላይ ሣጥን ከኋላው ዘንግ በስተጀርባ ስለሚቀመጥ ጥቂት ኪሎ ቢጨመርበት እንኳ የፊቱን ጎማ ያቀልለዋል፤ መሣሪያዎን እዚያ አያስቀምጡ። የታሰረ ዕቃ ሁሉ በጠፍጣፋ ቀበቶ ይታሰር፤ ጫፉም ይቋጠር። መንጠቆ ያለው ላስቲክ አልመክርም፤ በጉድጓድ ላይ ይለጠጣል፣ ሲያመልጥም ዓይን ያጠፋል። ማርሚታው አጠገብ ያለ ከረጢት ቢያንስ አራት ጣት ያህል ይራቅ።

ከጫኑ በኋላ ሦስት ነገሮች ይስተካከላሉ። የኋላው ሞላ ይጥበቅ፦ የኋላው ጎማ በአየር ላይ ሳለ ከዘንጉ እስከ አንድ የተወሰነ ቡሎን ያለውን ርቀት ይለኩ፤ ከዚያ ተጭኖና ተቀምጠውበት ይለኩ፤ ልዩነቱ ከሞላው ጠቅላላ እንቅስቃሴ አንድ ሦስተኛ ገደማ ይሁን። እስከ መጨረሻው አጥብቀውም ከዚያ በላይ ከወረደ ወይ ዕቃ ይቀንሱ ወይ ጠንካራ ሞላ ይግዙ። የጎማው ነፋስ ወደ ሙሉ ጭነት ልክ ከፍ ይበል። የፊት መብራቱም ዝቅ ይበል፤ ኋላው ሲወርድ መብራቱ ሰማይ ያያልና።

ደረጃ 8፦ መሣሪያና መለዋወጫ

የመሣሪያ ከረጢትዎን የሚመርጡት ከዝርዝር ሳይሆን ከሥራ ነው። ከደረጃ 2 እስከ 6 ያለውን ሥራ ሁሉ ጉዞ ላይ በሚይዙት መሣሪያ ብቻ ይሥሩ፤ የጎደለው ራሱ ይናገራል፤ ያልነኩትም ቤት ይቅር። በተለይ የሁለቱን ጎማዎች ዘንግ ዳዶ የሚፈታው ቁልፍ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነው።

ከመለዋወጫ ወገን እነዚህ ይበቃሉ፦ ሁለት ከመነዳሪ (ወይም መሰኪያ መጠገኛ)፣ ልጥፍና ያልተከፈተ ማስቲሽ፣ የካቴና ማገናኛ ከነክሊፑ፣ የፍሪሲዮንና የፍሬን እጀታ፣ ካንዴላ፣ ፊውዞች፣ የተለያየ መጠን ያላቸው ቡሎኖችና ዳዶዎች፣ ናስትሮ፣ የፕላስቲክ ማሰሪያዎች፣ ሽቦና ለተሰነጠቀ ብረት የሚሆን ሁለት ቅልቅል ማጣበቂያ። እጀታዎቹን የሚይዙትን ቡሎኖች ሞተር ሳይክሉ ሲወድቅ እጀታው ከመሰበር ይልቅ እንዲዞር በልክ ብቻ ያጥብቋቸው።

ደረጃ 9፦ በሙሉ ጭነት የሙከራ ጉዞ (ከመነሻው 2 ሳምንት በፊት)

ቢያንስ 300 ኪሎ ሜትር፣ ከአንድ አዳር ጋር፣ ከተቻለ ጠጠር መንገድ ያለበት ይሁን። «ጥቂት ቀንሼ ልሞክር» አይበሉ፤ በግማሽ ጭነት የተሞከረ ሞተር ሳይክል አልተሞከረም። ከመነሣትዎ በፊት የፈቷቸውን ቡሎኖች ሁሉ በልካቸው አጥብቀው ከቡሎኑ ራስ እስከ አካሉ ድረስ በቀለም አንድ መስመር ያስምሩ፤ መስመሩ ከተሰበረ ቡሎኑ ዞሯል። የሣጥን መያዣ ብረቶችን ቡሎኖች በመካከለኛ ጥንካሬ የቡሎን መያዣ ማጣበቂያ ይሰሩ። በ50፣ በ150 እና በ300 ኪሎ ሜትር ላይ ቆመው መስመሮቹን ይመልከቱ።

በሙከራው ላይ የሚታዩ ችግሮችና መጀመሪያ የሚመረመሩ ነገሮች እነሆ፦

- በፍጥነት ላይ ኋላው እንደ እባብ ከተወላገደ፦ ፍጥነቱን ቀስ ብለው ይቀንሱ፤ በኃይል ፍሬን አይያዙ። ከዚያ ከኋላው ዘንግ በስተጀርባ ያለውን ክብደት፣ የኋላውን ጎማ ነፋስና የመሪውን ኩሽኔታ በዚህ ቅደም ተከተል ይመርምሩ።
- ቀጥታ መንገድ ላይ ወደ አንድ ወገን ከሳበ፦ የግራና የቀኙን ክብደት፣ ቀጥሎም የኋላውን ጎማ አሰላለፍ (ደረጃ 3፣ ቁጥር 4)።
- በጉድጓድ ላይ ሞላው ተጭኖ ከነካ፦ ደረጃ 7ን ይድገሙ።
- ሲሞቅ ፍሪሲዮኑ ከተንሸራተተ፦ እጀታው ጥቂት ልልነት እንዳለው ይመልከቱ፤ ካለው ዘይቱን ይጠርጥሩ።
- ዝናብ ውስጥ ከተንቀጠቀጠ ወይም ከጠፋ፦ የካንዴላ ኮፍያውንና ማገናኛዎቹን ያድርቁ፣ ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ግራሶ ይቀቡ።

የነዳጅ ርቀትዎንም የሚያውቁት በዚህ ሙከራ ነው። 14 ሊትር የሚይዝ ሞተር ሳይክል በጭነት 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 4.6 ሊትር ከፈጀ፣ በስሌት 304 ኪሎ ሜትር ይደርሳል፤ ሲያቅዱ ግን ከሦስት አራተኛው በላይ አይቁጠሩ፤ ማለትም 228 ኪሎ ሜትር። ነፋስ ፊት ለፊት ሲመታና በአሸዋ ላይ በዝቅተኛ ማርሽ ሲሄዱ ቀሪው ሩብ ያልቃል። ከባሕር ወለል በላይ በየ1,000 ሜትሩ ተርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ 10 በመቶ ገደማ እንደሚያጣም ዳገቶችን ሲያስቡ ያስታውሱ።

ደረጃ 10፦ ሰነዶች

የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከመታወቂያ ደብተሩ ጋር ፊደል በፊደል ያስተያዩ፤ አንድ ቁጥር ተሳስቶ ከተጻፈ ማረም ሳምንታት ይወስዳል፤ በድንበር ላይ ግን የሚታረምበት መንገድ የለም። ፓስፖርትዎ ከጉዞው መጨረሻ ቢያንስ ስድስት ወር የሚያልፍ ይሁን። ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ በ1949 እ.ኤ.አ. የጄኔቫና በ1968 እ.ኤ.አ. የቪየና ስምምነቶች መሠረት በሁለት ዓይነት ስለሚሰጥ፣ የሚያቋርጧቸው አገሮች የትኛውን እንደሚቀበሉ ቀድመው ይጠይቁ። አንዳንድ አገሮች «ካርኔ» የተባለውን የተሽከርካሪ ጊዜያዊ ማስገቢያ ደብተር ይጠይቃሉ፤ የሚሰጠው በተፈቀደላቸው የአውቶሞቢል ማኅበራት ሲሆን ዋስትና ስለሚያስይዝ በደረጃ 1 ጊዜ ይጀመር።

ደረጃ 11፦ የመጨረሻው ሳምንትና የመጀመሪያዎቹ ቀናት

በዚህ ሳምንት ማጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ ነፋስ መለካትና ዕቃ መመዘን ብቻ ይፈቀዳል። ድንገት የተበላሸ ክፍል ካለ ይቀየር፤ ነገር ግን መነሻው ቀን ይገፋና 100 ኪሎ ሜትር በጭነት ይሞከር።

በጉዞው የመጀመሪያ ቀን ከተለመደው ርቀትዎ ግማሹን ብቻ ይሂዱና በብርሃን ይቁሙ። ገና ሳያርፉ የቀለም መስመሮቹን፣ የቀበቶዎቹን ጥብቀትና ካቴናውን ይመልከቱ፤ አዲስ ካቴና በመጀመሪያው ሺህ ኪሎ ሜትር ውስጥ ይሳባልና ምናልባት ሩብ ዙር ማስተካከያ ይፈልጋል። በየማለዳው ሞተሩ ሳይነሣ ሞተር ሳይክሉን ቀጥ አድርገው ዘይቱን ያንብቡ፣ የሁለቱን ጎማዎች ነፋስ ይለኩ፣ ከሞተር ሳይክሉ በታች ያለውን መሬት ይመልከቱ። መሬቱ ላይ አዲስ እርጥበት ካዩ ከየት እንደመጣ ሳያውቁ ቁልፉን አይክፈቱ።